«ዲ.ኦ ነው? እለፈው!» ለሚሉ ሁሉ

«ልጅቷ ሐኪም ልትሆን ነው ወይስ ወጌሻ?»

ይህቺ ተረብ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ከቡና ረከቦት ዙሪያ አትጠፋም። የሐበሻ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ኦስቲዮፓቲ ኮሌጅ ገባ በተባለ ቁጥር አንዱ ጋሼ ይወረውራታል፣ ቤቱ ይስቃል፣ እናት አንገቷን ትደፋለች። እትዬ፣ ቀና ይበሉ! መልሱን ለእኔ ይተዉት።

ጋሼ፣ ወጌሻን ስድብ ያደረጉት ከመቼ ወዲህ ነው? አገር ቤት ከበቅሎ ሲወድቁ ክንድዎን ማን መለሰልዎ? የኦስቲዮፓቲ አባት አንድሩ ቴይለር ስቲልም ቢሆን ራሱን «መብረቁ ወጌሻ» እያለ ሲያስተዋውቅ አላፈረም። ሰውየው መጀመሪያውኑ ሐኪም ነበር። በ1864 በፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንደዚያው ነው) ሦስት ልጆቹን ማጅራት ገትር ወሰደበት። የዘመኑ መድኃኒት ደግሞ ከሜርኩሪ የተቀመመ መርዝ ሳይቀር የሚጋትበት ነበርና እምነቱን ነሣው። በ1874 አዲሱን መንገድ አወጀ፤ በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ከርክስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሴቶችን አስገባ። ይህ ታሪክ የሚያሳፍረው ማንን ነው?

«ያ የድሮ ነው፤ ዛሬ ምን ይማራሉ?» አሉ? ዛሬማ እንደማንኛውም የሕክምና ተማሪ አራት ዓመት ይማራሉ። አስከሬን ይከፍታሉ፣ የመድኃኒት ትምህርት ይወስዳሉ፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞራሉ። በዚያ ላይ ወደ 200 ሰዓት የሚጠጋ በእጅ የማከም ትምህርት ይጨመርባቸዋል። ሲመረቁ ዲ.ኦ የሚባለውን ዲግሪ ይዘው በ50ዎቹም ክፍለ አገራት ሙሉ ሐኪም ናቸው፤ ያዝዛሉ፣ ያዋልዳሉ፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ። በዶናልድ ትራምፕ የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመን የዋይት ሐውስ ሐኪም ሆኖ ያገለገለው ሾን ኮንሊ ዲ.ኦ ነው፤ የጆ ባይደን ሐኪም ኬቨን ኦኮነርም ዲ.ኦ ነው። የሁለት ፕሬዚዳንት ደም ግፊት የሚለካ እጅ ለእርስዎ አነሰዎ?

የለንደኑ አጎት ደግሞ ከስልኩ ጫፍ «እዚህ እኮ ኦስቲዮፓት ጀርባ የሚያሽ ነው» ይላል። አጎቴ፣ አንተ የምታየው እውነት ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ኦስቲዮፓት የሚባለው ሐኪም አይደለም። የአሜሪካው ግን ሐኪም ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ሥራው አንድ አይደለም፤ ተበድረህ ያመጣኸውን ተረብ መልሰህ ውሰድ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ከቡናው ዙሪያ የሚወረወረው ተረብ ቀልሎ የሚያልፍ ነው። የሚያቆስለው በታላላቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ኮሪደር በለሆሳስ የሚነገረው ነው። «ዲ.ኦ ሐኪም ይሁን፣ እሺ። የቤተሰብ ሐኪም ይሁን፣ ገጠር ይሂድ፣ ያገልግል። ግን ቀዶ ሐኪም? ያውም በዩኒቨርሲቲ? ያውም ፕሮፌሰር?»

አዎ፣ ያውም ፕሮፌሰር!

አካዳሚክ ሰርጀሪ የሚባለው ሥራ ሦስት እግር አለው፤ መቅደድና መስፋት፣ ሬዚደንት (ገና በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ማስተማር፣ መመራመር። አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ብቻውን አምስት የሬዚደንሲ ዓመት ይበላል። በትልልቆቹ ፕሮግራሞች መሐል ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ለምርምር ይገባል፤ ከዚያ ፌሎውሺፕ፣ ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰርነት። የነገውን የቀዶ ሕክምና ዘዴ የሚጽፉት፣ ማን ሬዚደንት ይግባ ብለው የሚመርጡት፣ የነገዎቹን እጆች የሚያሠለጥኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ነገሩ የማዕረግ ጥማት አይደለም። ከበሩ ውስጥ ያለው ነው ቀጥሎ የሚገባውን የሚመርጥ። ከውስጥ ዲ.ኦ ከሌለ ደግሞ ውጭ የቆመችውን ዲ.ኦ ማን ይጠራታል?

«ደረጃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው» የሚሉ አሉ። ለእነሱ አንድ ታሪክ ብቻ ልንገር፤ እሱ ይበቃቸዋል።

በ1962 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤም.ዲ የሚባለው የተለመደው ዲግሪ ያላቸው ሐኪሞችና የዲ.ኦዎቹ ማኅበራት በስምምነት ተዋሐዱ። ከ2 ሺህ በላይ የዲ.ኦ ሐኪሞች አጭር ሴሚናር ተካፍለው፣ 65 ዶላር ከፍለው፣ የኤም.ዲ ወረቀት ተቀበሉ። ኮሌጃቸውም ስሙ ተለወጠ፤ ኋላ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የሕክምና ትምህርት ቤት የሆነው እሱ ነው። አሁን እናንተ «ደረጃ» የምትሉ መልሱልኝ፦ ትናንት ማታ ያልቻለ እጅ ዛሬ ጠዋት በ65 ዶላር ቻለ? ቢላዋው ተሳለ? በሽተኛው ተለወጠ? የተለወጠው ደረት ላይ የተሰፋው ፊደል ብቻ ነበር! በዚያው ዓመት ክፍለ አገሩ ለአዲስ ዲ.ኦ የሥራ ፈቃድ መስጠት አቆመ፤ በሩ እንደገና የተከፈተው በ1974 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲፈርድ ነው። ዲ.ኦዎቹም ከዋነኞቹ ማስተማሪያዎቻቸው አንዱን በዚያ ስምምነት አጡ። የዛሬው «ሪሰርች የላቸውም» የሚለው ወሬ ሥሩ ከእንዲህ ያለው ቦታ ይጀምራል።

የጦር ሠራዊቱም ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ሐኪም ሲጠፋባት ዲ.ኦን ግን በሐኪምነት አልመዘግብም አለች። ኤም.ዲዎቹ ሲዘምቱ አገር ቤት የቀረው በሽተኛ ወዴት ሄደ? ወደ ዲ.ኦ! ሌላው ሆስፒታል አላስገባ ሲላቸው የራሳቸውን ሠሩ፤ ዲትሮይት፣ ፊላደልፊያ፣ ካንሳስ ሲቲ። እዚያ ቀደዱ፣ እዚያ ሰፉ፣ እዚያ ሬዚደንት አሠለጠኑ። የኦስቲዮፓቲ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ከ1920ዎቹ ጀምሮ አለ፤ ትናንት የተፈለፈለ አይደለም። በ1966 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ዲ.ኦ ሐኪሞች በሠራዊቱ እንዲያገለግሉ ፈቀዱ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1996 ሮናልድ ብላንክ የሚባል ዲ.ኦ የመላው የምድር ጦር የሕክምና አዛዥ ሆነ። ትናንት «አንፈልግህም» ያሉት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ «ጌታዬ» ብለው እጅ ነሱ።

«ያ ሁሉ አልፏል፤ አሁን እኩል ናችሁ፤ ሁለቱ ሥርዓቶች ተዋህደዋል አይደል?» ይሉኛል። ተዋህደዋል፣ አልክድም። ውሉ በ2014 ተፈረመ፤ በ2020 የሬዚደንሲ ዕውቅና ሥርዓቱ አንድ ሆነ። በወረቀት ያማረ ነገር ነው። ቀድሞ ለዲ.ኦ ብቻ የተያዙት የቀዶ ሕክምና ቦታዎች ለሁሉም ተከፈቱ፤ አዲሱን መስፈርት ያላሟሉት ፕሮግራሞችም ተዘጉ። የትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ግን በዚያው ልክ ለዲ.ኦ አልተከፈተም። የአንዱን አጥር አፍርሶ የሌላውን አጥር መተው ምን ዓይነት ውህደት ነው?

«ቁጥሩን እይ! በ2024 የሬዚደንሲ ምደባ (ማች) ከዲ.ኦ ተመራቂዎች 92 ከመቶ በላዩ ቦታ አግኝቷል» ትሉኛላችሁ። አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ግን የት ገቡ? አብዛኛው የገባው የቤተሰብ ሕክምና፣ የውስጥ ደዌ፣ የድንገተኛና የሕፃናት ሕክምና ነው። እነዚህ የክብር ሥራዎች ናቸው፤ የቤተሰብ ሐኪምን የሚንቅ ሰው ካለ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። የነርቭ ቀዶ ሕክምና፣ የልብና የደረት ቀዶ ሕክምና፣ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ዝርዝር ሲገለጥ ግን ዲ.ኦ በጣት የሚቆጠር ነው። ወድዶ የቀረና በሩ የተዘጋበት በአንድ ቁጥር ተደምሮ «እዩ እኩልነት» አይባልም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «ውጤት ያሳዩን» የሚለው ነው።

እናንተ ሰዎች፣ ውጤት ሲያሳዩ ኖረዋል! የዲ.ኦ ተማሪ ለሥራ ፈቃድ የራሷ ፈተና አላት፤ ኮምሌክስ ይባላል፣ ሕጉ እሱ ይበቃል ይላል። የዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሕክምና ለመግባት ግን አይበቃሽም ስለምትሏት ከዚያ በላይ የኤም.ዲዎቹን ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ ትቀመጣለች። ሁለት ፈተና፣ ሁለት ክፍያ፣ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ማጣት። የኤም.ዲ ተማሪው ባንድ ፈተና ሲገላገል እሷ በእጥፍ ተመዘነች። በዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ መጀመሪያው ክፍል ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ስታመጣ ቢያንስ የሚታይ ነገር ነበራት፤ ፊደሏን ያልወደደ ነጥቧን ያያል። ከጥር 2022 ጀምሮ ግን ያ ክፍል አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ሆነ። የተማሪን ጭንቀት ለመቀነስ ነው ተባለ፤ ዓላማው መልካም ነበር። ለማይታወቅ ኮሌጅ ተማሪ ግን ዋና መታያዋ ተወሰደባት። አሁን የሬዚደንሲው ፕሮግራም ዳይሬክተር ምን ያያል? የትምህርት ቤቷን ስም፣ የደብዳቤ ጸሐፊዎቿን ስም፣ ያሳተመችውን ጽሑፍ። ሁለተኛው ክፍል አሁንም በነጥብ ይሰጣል፤ እሱም ቢሆን የሚነበበው ማመልከቻዋ ከተከፈተ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ «ዲ.ኦ» የሚለውን በአንድ ጠቅታ ያጣራ ሰው ምን ነጥብ አየ ይባላል? ያልከፈተውን ፋይል «ደካማ ነው» የሚል ሰው ዳኛ አይደለም።

«ማን ከለከላት? መጥታ አንድ ወር ከእኛ ጋር ትሥራ፣ እጇን እንየው» ይላሉ ደግሞ። እንግዲያው በሩን ክፈቱላታ! በአራተኛው ዓመት ከራስ ሆስፒታል ውጭ ሄዶ መሥራት በቀዶ ሕክምና ዓለም ራስን ማሳያ ዋናው መንገድ ነው። አንዳንዱ ሆስፒታል የዲ.ኦ ተማሪ ከነጭራሹ አይቀበልም፤ አንዳንዱ ከኤም.ዲ ተማሪ የማይጠይቀውን ክፍያ ከእሷ ይጠይቃል። እንግዳን «ግባ» ብሎ ጠርቶ በሩ ላይ ገንዘብ መቁጠር በየትኛው አገር ወግ ነው? በ2023 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት አንድ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። የሬዚደንሲን ሥልጠና በመንግሥት የጤና መድን በሜዲኬር ገንዘብ የሚያካሂዱ ሆስፒታሎች የዲ.ኦን ማመልከቻና ፈተና እኩል ይመልከቱ የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሜዲኬርን የሚሞላው የሁሉም ግብር ነውና። የዲ.ኦዋ እናት፣ በሌሊት ታክሲ የምትነዳው፣ እሷም ከደመወዟ ትከፍላለች።

አሁን ፊቴን ወደ ራሳቸው ወደ ኦስቲዮፓቲ ኮሌጆች ላዙር፤ ለእነሱም መልስ አለኝና። «ተማሪዎቻችን ይገፋሉ» ብላችሁ ስትጮኹ እሰማለሁ። መገፋቱ እውነት ነው። ግን እናንተስ? ብዙዎቻችሁ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ታስከፍላላችሁ። በየጊዜው አዲስ ቅርንጫፍ ትከፍታላችሁ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከአራት የሕክምና ተማሪ አንዱ የእናንተ ነው። ከብሔራዊ የጤና ተቋማት የምርምር ገንዘብ ግን ድርሻችሁ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ብዙዎቻችሁ የራሳችሁ ማስተማሪያ ሆስፒታል የላችሁም፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ተማሪውን በየከተማው ትበትኑታላችሁ፤ አንዱ ሬዚደንት በሌለበት ሆስፒታል፣ ሌላው አንድ ቀዶ ሐኪም ብቻ ባለበት ክሊኒክ። «አጋር ሆስፒታሎች አሉን» ትላላችሁ፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ!

ያቺ ተማሪ ላብራቶሪ ከየት ታምጣ? ጽሑፏን ማን ያርምላት? ስሙ ሲጠራ ፕሮግራም ዳይሬክተሩ ቀና የሚልለት ደብዳቤ ጸሐፊ የት ታግኝ? የቀዶ ሕክምና ዓለም ደብዳቤ የሚነበብበት ዓለም ነው፤ ጸሐፊው ይታወቃል ወይ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ። በአንድ ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ያለው ቀዶ ሐኪም ግሩም ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ቦስተን ላይ ግን ማንም አያውቀውም። የሚቻል መሆኑንም አሳይታችኋል፤ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የዲ.ኦንም የኤም.ዲንም ኮሌጅ በአንድ ግቢ ይዞ ያስተምራል። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ፣ ላብራቶሪው ጎረቤት። ለሌሎቻችሁ የቀረው ፈቃደኝነትና ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ ከተማሪው ኪስ ወጥቶ እጃችሁ ገብቷል። ለሕንፃ የሚሆን ካለ ለምርምርም ይኖራል።

ለተማሪዋም አንድ ነገር አለኝ። «ዲ.ኦ ስለሆንኩ አይሆንልኝም» ስትይ ሰማሁ። ልጄ፣ ይህን ቃል እነሱ ይበሉት፣ አንቺ አትበይው!

ዊልያም አንደርሰን የሚባል ሰው ነበር። ጥቁር፣ ዲ.ኦ፣ የጆርጂያ ልጅ። በ1961 በአልባኒ ከተማ የዘር መድልዎን ለመቃወም የተነሣውን ንቅናቄ በፕሬዚዳንትነት መራ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግን ወደዚያ የጠራው እሱ ነው። ከዚያ ዲትሮይት ሄዶ ቀዶ ሐኪም ሆነ፣ ተማሪ አስተማረ፤ በ1994 የአሜሪካ የኦስቲዮፓቲ ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነ። በቆዳው አንድ በር፣ በዲግሪው ሌላ በር ተዘግቶበት ሁለቱንም የከፈተ ሰው ነው። ባርባራ ሮስ ሊም አለች፤ በ1993 የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲዮፓቲ ኮሌጅ ዲን ስትሆን፣ ከአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የአንዱን የዲንነት ወንበር የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ነበረች። የዘፋኟ የዳያና ሮስ እህት ናት፤ በእህቷ ዘፈን አልተሾመችም።

ስለዚህ አንቺ፣ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥተሽ የሚመራመር ቀዶ ሐኪም ፈልጊ። በአቅራቢያሽ ከሌለ ጻፊ፤ ከአሥር አንዱ ይመልስልሻል። የበሽተኛ መረጃ መተንተን ተማሪ፤ ላብራቶሪ የሌለው ኮሌጅ ውስጥም በኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ ምርምር አለ። በየዓመቱ የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ፖስተር ይዘሽ ቁሚ፤ ፊትሽን ይወቁት። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ለምርምር ውጪ ቢሉሽ «ጊዜዬ ባከነ» አትበይ፤ ኤም.ዲዎቹም ያደርጉታል። ቀድመው ከገቡት ዲ.ኦ ቀዶ ሐኪሞችም አንዱን ያዢ። እናንተ ቀድማችሁ የገባችሁ ደግሞ፣ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ ዲግሪያችሁን የምትሸሽጉ ካላችሁ፣ አሁን አውጡት! ነጩ ጋወን ላይ ዲ.ኦ ብላችሁ አስጠልፉ፤ ሬዚደንቱ ይየው።

ወደ ጋሼ ልመለስ፤ ገና አልጨረስኩም። አሁንም «የእኛ ሰው ፕሮፌሰር የሚለው የታወቀ ትምህርት ቤት የወጣውን ነው» እያሉ ነው። ጋሼ፣ ማሚቱ ጋሼን ያውቋታል? ከገጠር በፊስቱላ ታማ አዲስ አበባ መጣች፤ ፊደል አልቆጠረችም። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አጠገብ ሆና እያገዘች፣ እያየች፣ ቀዶ ሕክምናውን ተማረች። ኋላ ከየአገሩ ለሥልጠና የሚመጡ ሐኪሞችን እጅ ይዛ አስተማረች። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በወርቅ ሜዳሊያ አከበራቸው፤ እሷም ከተሸለሙት መካከል ነበረች። ይህን ሲሰሙ «የእኛ ናት!» ብለው ደረትዎን ይነፋሉ፤ ደግ ያደርጋሉ። ታዲያ ያለ ዲግሪ እጇ የተከበረላት ሴት ኩራትዎ ከሆነች፣ አራት ዓመት ተምራ፣ ሁለት ፈተና አልፋ፣ ሙሉ ዲግሪ ይዛ የቆመችው የእህትዎ ልጅ በምን ዕዳዋ ይሣቅባታል?

ከዚህ በላይ የምለው ለፕሮግራም ዳይሬክተሮቹ ነው። ማጣሪያውን አጥፉት። ፋይሉን ክፈቱት፣ ደብዳቤውን አንብቡት፣ ልጅቷን ለአንድ ወር ጥሯት፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ቋጠሮዋን እዩት፣ ስትሳሳት እንዴት እንደምትመልስ እዩ፣ ሌሊት ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ በሽተኛ ሲወርድባት እንዴት እንደምትቆም እዩ። ካልቻለች በችሎታዋ መልሷት፤ ማንም አይከራከራችሁም። ከቻለች ግን አስተምሯት፣ ምርምር ስጧት፣ ስትጨርስም መምህርነቱን አትንፈጓት። ቀጣዩ የማመልከቻ ወቅት በመስከረም ይከፈታል።